እልፍኝ፣ አዳራሽ ወይስ ፎቅ? የመንግሥት ሥራ አስፈጻሚ ቢሮ ለሚመርጡ የንጽጽር መመሪያ

ከአያት ባሻገር፣ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ አብቅተው የእርሻ ማሳ በሚጀምርበት የአዲስ አበባ ዳር፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሆን ሕንፃ ማስገንባት ወይም መከራየት የዘወትር ሥራ ከሆነ ቆይቷል። በዚህ አካባቢ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁለት ጊዜ የቢሮ መረጣ ኮሚቴ አባል ሆኜ ተቀምጫለሁ። በሁለቱም ጊዜ ቃለ ጉባኤው የሞላው በካሬ ሜትር ዋጋ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በጄኔሬተርና በኃላፊው ክፍል የወለል ንጣፍ ነበር። ባለጉዳይ በየት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ከዋናው ኃላፊ በር ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ መጥፎ ወሬ የያዘ ባለሙያ ወረፋ ሳይጠብቅ የሚገባበት በር መኖር አለመኖሩን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ያልጠየቅነው ነገር ዋጋ ያስከፈለን በመጀመሪያው ክረምት ነው። የኃላፊው ክፍል በአራተኛው ፎቅ ኮሪደር ጫፍ፣ በቆዳ ከተለበጠ ድርብ በር ጀርባ ነበር፤ መጸዳጃ ቤቱም እዚያው ውስጥ ስለተሠራ፣ ኃላፊው ጠዋት ከገባ እስከ ማታ ኮሪደሩን አይረግጥም። የመንገድና የፍሳሽ ባለሙያዎቹ የተቀመጡት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ነው። በሐምሌ አንድ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ሲደረመስ የቡድን መሪው ሊናገር ወጣ፤ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችው፤ በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ወደ መዝገብ ቤት ወርዶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በፊርማ ተረክበውት ወደ ላይ ወጥቶ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ቦዩ ከተደረመሰ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር፤ ውሃው እስከዚያ አራት ሰው ግቢ ገብቷል። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ኃላፊውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉዳዩን በሰማበት ቀን ቦት ጫማ አጥልቆ ራሱ ወርዶ አይቶታል።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የፌዴራል መንግሥቱ ከፍተኛ የአስፈጻሚነት ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ በክፍለ ከተማና በወረዳም «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚባል ሹም አለ። የሥልጣናቸው ስፋት ለንጽጽር አይቀርብም፤ የበራቸው ጠባይ ግን በጣም ይመሳሰላል። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አማራጮች በአብዛኛው ከትልልቅ መንግሥታት መቀመጫ የተወሰዱ ቢሆኑም፣ ሦስት ፎቅ ያላት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ለምታሠሩም ያገለግላሉ። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምን ይለካ?

ንጽጽሩን ከስፋትና ከውበት መጀመር አያዋጣም። የቤተ መንግሥቱ አማርኛ ከእኛ የኮሚቴ አማርኛ የተሻለ መለኪያ ነበረው፤ እልፍኝ፣ አዳራሽና ደጅ ይለያል። እልፍኝ ጥቂት ሰው ብቻ የሚገባበት የውስጥ ክፍል ነው። አዳራሽ ተጠርቶ የመጣው ሁሉ የሚታይበት ቤት ነው። ደጅ ያልተጠራው የሚቆምበት ነው። በእልፍኙ በር እልፍኝ አስከልካይ፣ በአዳራሹ ውስጥ አጋፋሪ ነበረ፤ ደጅ የሚቆመው ሰው ሥራ ደግሞ እስከ ዛሬ ስሙን ያልለወጠው ደጅ ጥናት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ኮረብታ ላይ ያሠሩት ግቢ ይህን ልዩነት በድንጋይና በእንጨት ያሳያል፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ግብር የሚበላበት አዳራሽ አለው፤ ከዚያ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የሚጸልዩበትና ከተማውን ቁልቁል የሚያዩበት እንቁላል ቤት አለው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሹመቱ አዲስ ሆነ እንጂ ግቢው የቀድሞው ግቢ ነበር፤ ወደ ንጉሡ ጆሮ የሚወስደውም መንገድ እንዲሁ።

እንግዲህ የማንኛውም ቢሮ ፕላን ፊታችሁ ሲዘረጋ ሥራ አስፈጻሚው ዘንድ ሳይጠራ የሚገባው ማን እንደሆነ፣ ሲጠራ ቶሎ የሚደርሰው ማን እንደሆነ፣ ከነጭራሹ የማይደርሰው ደግሞ ማን እንደሆነ በእርሳስ አስምሩበት። ርቀቱን አትናቁት። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ቶማስ አለን መሐንዲሶች ምን ያህል እንደሚነጋገሩ በጠረጴዛዎቻቸው መካከል ካለው ርቀት ጋር አመሳክረው፣ ርቀቱ ሲጨምር ንግግሩ በፍጥነት እንደሚያሽቆለቁል፣ ከ50 ሜትር ገደማ በኋላ ደግሞ አዘውትሮ መነጋገር እንደሚቀር አሳይተዋል። ሃምሳ ሜትር በእኛ አገር አንድ ረዘም ያለ ኮሪደርና አንድ ደረጃ ነው። ስልክ ይህን ይሽራል የሚል ሰው ካለ፣ አለቃው ዘንድ በሳምንት ስንት ጊዜ ራሱ እንደሚደውል ይቁጠር።

መኖሪያ ቤትን ቢሮ ማድረግ

ሮበርት ዎልፖል በ1735 ከገቡበት ወዲህ የብሪታንያ መንግሥት መሪ መቀመጫ ሆኖ የሚታወቀው ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ከመንገድ ሲታይ ተራ የከተማ ቤት ነው። ከበስተጀርባው ካለ ሌላ ሰፊ ቤት ጋር ተቀጥሎ መቶ ያህል ክፍሎች ቢኖሩትም፣ ክፍሎቹ የመኖሪያ ቤት ክፍሎች ናቸው፤ ኮሪደሩ ጠባብ፣ ደረጃው ጠመዝማዛ፣ አብዛኛው ክፍል ከዐሥር ሰው በላይ የማይዝ ነው። ይህ ጉድለት ብቻ አይደለም። ቤቱ ራሱ የሠራተኛውን ቁጥር ይቆጥባል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ሌላ ክፍል ሲሄድ በግድ ሰው ይገጥመዋል፤ የሚገጥመውም ሰው ቀጠሮ የሌለው ነው። የካቢኔ ጠረጴዛው እንኳን በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። ሃሮልድ ማክሚላን ያሠሩት ጠረጴዛ መሐሉ ሰፍቶ ጫፎቹ የጠበቡ፣ ጀልባ የሚመስል ሲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በረጅሙ ጎን መሐል ላይ ተቀምጦ የሁሉንም ፊት እንዲያይ ታስቦበታል።

የዚህ ዓይነቱ ቤት በሽታ የሚታየው እልፍኙ አዳራሹን ሲውጠው ነው። ቶኒ ብሌር ከካቢኔው ክፍል ጎን ባለች ትንሽ ክፍል፣ ከጥቂት የቅርብ ሰዎች ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጠው መምከር ያዘወትሩ ስለነበር አሠራሩ «የሶፋ መንግሥት» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ስለ ኢራቅ ጦርነት የስለላ መረጃ አያያዝ ያጣራው የሎርድ በትለር ኮሚቴ በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ ውሳኔዎች ያለ በቂ ጽሑፍና ከወግ ውጭ በሆነ ሁኔታ መሰጠታቸው እንደሚያሳስበው ገልጿል። ትንሽ ክፍል በራሱ አላጠፋም፤ ሶፋው ላይ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። እኛ ዘንድ ያ ሰው ማዕርግና ስም ነበረው፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ይባላል። መኖሪያ ቤት ተከራይታችሁ ጽሕፈት ቤት የምታደርጉ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ዳርም ቪላ መከራየት የተለመደ ስለሆነ፣ በትንሿ ክፍል ውስጥ ለማስታወሻ ያዥ የሚሆን፣ እንግዳ የማይቀመጥበት ወንበር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጡ። ወንበሩ ከሌለ ሰውየው «ውጭ ይቆይ» ይባላል።

ክንፍ መቀጠል

ሁለተኛው መንገድ መኖሪያውን መኖሪያ አድርጎ ትቶ፣ ጎኑ ላይ የሥራ ክንፍ መቀጠል ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1902 የኋይት ሐውስን ምዕራባዊ ክንፍ ያሠሩት ቤተሰባቸው የሚኖርበትን ፎቅ ከጸሐፊዎችና ከባለጉዳዮች ለማላቀቅ ነበር። ሞላላውን ኦቫል ቢሮ ዊልያም ታፍት በ1909 ጨመሩ፤ በ1929 የገና ዋዜማ ክንፉ ተቃጥሎ ታደሰ፤ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ደግሞ በ1934 ቢሮውን አሁን ወዳለበት ማዕዘን አዛወሩት።

ክንፉ ለያዘው ሥልጣን ሲበዛ ትንሽ ነው፤ ኃይሉም የሚመነጨው ከትንሽነቱ ነው። ከአጥሩ ሳይወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰፋፊ ክፍሎችና ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ትልቅ የአስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ ቆሟል። ሆኖም በዚያ ሰፊ ክፍል ከመቀመጥ በክንፉ ውስጥ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል መጨናነቅን የማይመርጥ አማካሪ ጥቂት ነው። ዋልተር ሞንዴል በ1977 በምዕራባዊው ክንፍ ውስጥ ቢሮ ያገኙ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንድ ፊደል አልተቀየረም፤ የምክትል ፕሬዚዳንትነት ክብደት ግን ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ምክትል ኃላፊዎችን በሌላ ሕንፃ ማስቀመጥ የተለመደባቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን አንድ ምሳሌ ቢይዙ ይበቃል።

በዚህ አማራጭ ውስጥ የሚያጠፋውም የሚያለማውም እልፍኝ አስከልካዩ ነው። በሪቻርድ ኒክሰን ዘመን የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ሃልደማንና ባልደረባው ኤርሊክማን በሩን አጥብቀው ከመያዛቸው የተነሣ «የበርሊን ግንብ» ይባሉ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ከኦቫል ቢሮ ይልቅ በመንገዱ ማዶ ሕንፃ ባዘጋጁት ገለልተኛ ክፍል መሥራት ይወዱ ነበር። ጂሚ ካርተር ይህን ጥፋት አይተው በ1977 ሲገቡ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሳይሾሙ ጀመሩ፤ ሁሉም በየፊናው ይገባል፤ ጉዳዩ ሁሉ ተጠራቅሞ እርሳቸው ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። በ1979 ሹመው ተገላገሉ። ቤቱ አንድ፣ በሩም አንድ ሆኖ፣ በአንዱ ዘመን በጣም ጠበቀ፣ በሌላው ላላ። ፕላን መምረጥ የበሩን ቦታ መምረጥ ነው፤ በሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው አይመርጥም። ቢያንስ ግን ሁለት በር መኖሩን ፕላኑ ያረጋግጣል፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ፎቅ መሥራት

በከተማችን ዳር «ለኃላፊ የሚመጥን» ሲባል የሚታሰበው ፎቅ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ጠለቅ ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ።

የጀርመን መራሔ መንግሥት ጽሕፈት ቤት በርሊን ውስጥ በ2001 ተመረቀ። አርክቴክቶቹ አክሰል ሹልተስና ሻርሎተ ፍራንክ ናቸው፤ ዋናው ሕንፃ 36 ሜትር ከፍታ አለው፤ የመሪው ክፍል ሰባተኛ ፎቅ፣ የካቢኔው አዳራሽ ከሥሩ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በቦን የነበረውን የ1976 ሕንፃ ሄልሙት ሽሚት የቁጠባ ባንክ ይመስላል ብለው ይተቹት ስለነበር፣ በርሊን ሲደረስ ግርማ ሞገስ መፈለጉ አያስገርምም። ሕንፃው በእርግጥ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ የገባው ሰው ምን እንዳደረገ ማየት ያስተምራል። አንጌላ ሜርክል ከቀዳሚያቸው በወረሱት ግዙፍ የሥራ ጠረጴዛ ፈንታ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ለመግቢያው በር በሚቀርበው ተራ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ መሥራትን ይመርጡ ነበር። በሌላ አነጋገር አርክቴክቱ በሰፊው የሰጣቸውን ክፍል እርሳቸው በራሳቸው እጅ አጠበቡት። ከተመረቀ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሳይሞሉት ደግሞ ለሕንፃው ማስፋፊያ ታቀደለት። ሰፊ ቤት ሠራተኛ ይጠራል፤ ሠራተኛውም ተራው ሲደርስ ሌላ ቤት ይጠራል።

የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ሌላ ነገር ያሳያል። በ1929 የተሠራው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ጋዜጠኞች እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክፍል አቅራቢያ ደርሰው ማን እንደገባና እንደወጣ በዓይናቸው ይቆጥሩ ነበር። በ2002 ሥራ የጀመረው አዲሱ ሕንፃ ከምድር በላይ አምስት፣ ከምድር በታች አንድ ፎቅ አለው። በተዳፋት ላይ ስለተሠራ ዋናው መግቢያ ከሦስተኛው ፎቅ ጋር ይገጥማል፤ ጋዜጠኞቹ የሚጠብቁት እዚያ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ክፍል አምስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነና እነርሱም ወደዚያ ስለማይወጡ፣ እንግዳው ከመግቢያው ካለፈ በኋላ ወደ የትኛው ክፍል እንዳመራ በራሳቸው ዓይን አያዩም። ለመሪው ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፤ ጠዋት የተጀመረ ምክክር ማታ ወሬ ሳይሆን ሊበስል ይችላል። ለሕዝቡ ግን ደጁ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ተገፍቷል። የአደጋ ጊዜ አመራር ማዕከሉ ከምድር በታች መሆኑ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ለማይለየው አገር ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ መሪው በአሳንሰር ወርዶ ከባለሙያዎቹ መሐል ይቀመጣል።

እኛ ጋ ሲመጣ ፎቁ ሌላ መልክ ይይዛል። በከተማ ዳር መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ ጄኔሬተሩ ቢኖር እንኳን ናፍጣ የሚገዛበት የግዥ ጥያቄ ፊርማ የሚፈልገው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከባለጉዳዮቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ የይዞታ ባለቤቶች ናቸው፤ ከታች ያለው ጥበቃ መታወቂያቸውን ተቀብሎ ደረጃውን ሲያሳያቸው ግማሾቹ እዚያው ቁጭ ብለው «የሚወርድ ሰው» ይጠብቃሉ። እኛ የነበርንበት ሕንፃ ደረጃ ሥር በአንድ ወቅት ጉዳይ የሚያስጽፉ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ማመልከቻውን ይዘው በክፍያ የሚወጡላቸው ወጣቶችም ተሰባስበው ነበር። ኃላፊው ይህን ገበያ ለማወቅ ሦስት ወር ፈጅቶበታል፤ መኪናው የሚቆመው በኋላ በኩል ነበርና። ፎቅ መሥራት ግድ ከሆነ፣ ሰው በብዛት የሚመጣበትን አገልግሎት ከታች፣ ኃላፊውን ደግሞ ከአንደኛ ወይም ከሁለተኛ ፎቅ ሳታሳልፉ አስቀምጡ። የላይኛው ፎቅ ለመዝገብ ቤትና ለፋይናንስ ይሁን። ጥሩ እይታ ለፋይል ምን ያደርግለታል የሚል ካለ፣ ለኃላፊውም አያደርግለትም።

ክፍቱ አዳራሽ

ማይክል ብሉምበርግ በ2002 የኒው ዮርክ ከንቲባ ሲሆኑ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ያለውን አሮጌ የስብሰባ አዳራሽ ጠረጴዛ በጠረጴዛ አስደርድረው መሐሉ ላይ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተቀመጡ። ጎርደን ብራውን በ2008 ሐሳቡን ወደ ለንደን አመጡት፤ ከቁጥር 10 ወደ ቁጥር 12 ተሻግረው በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር መሥራት ጀመሩ። በ2010 ዴቪድ ካሜሩን ሲተኳቸው ወደ ትንሿ ክፍል ተመለሱ። ክፍት አዳራሽ በችግር ወቅት ፈጣን ነው፤ አንዱ ስልክ ሲያነጋግር ሌላው ይሰማል፤ «አልደረሰኝም» ማለት ያስቸግራል።

ሆኖም ሰው ሁሉ ሲያየው ብዙ ይነጋገራል ማለት አይደለም። ኢታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ክፍልፋይ ወዳልነበረው ቢሮ በተዛወሩ ሁለት ኩባንያዎች ውስጥ የፊት ለፊት ግንኙነት ወደ 70 በመቶ ቀንሷል፤ ኢሜይልና አጭር መልእክት ደግሞ ጨምሯል። በእኛ ወግ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። አለቃ ሲገባ ይነሣል፤ አለቃ ባለበት ድምፅ ዝቅ ይላል፤ የበላይን ሐሳብ በሰው ፊት መቃወም ነውር ይመስላል። ስለዚህ ኃላፊውን ከሠራተኛው መሐል ስታስቀምጡት አዳራሹ ጸጥ ይልና ሥራው ወደ ሻይ ቤት ይሄዳል። ይህን አማራጭ ለዕለት ተዕለት መቀመጫነት አልመክርም። ለጎርፍ፣ ለእሳት፣ ለፈተና ሰሞን የሚከፈት፣ ጠረጴዛውና የስልክ መስመሩ አስቀድሞ የተዘጋጀለት አንድ አዳራሽ ግን በየትኛውም ጽሕፈት ቤት ሊኖር ይገባል። አሜሪካኖቹም በኋይት ሐውስ የአስቸኳይ ሁኔታ መከታተያ ክፍል ያቋቋሙት ኬኔዲ በ1961 በኩባ ላይ የተሞከረው ወረራ ከከሸፈ በኋላ፣ መረጃው በአንድ ቦታ አለመገናኘቱን አይተው ነው።

ከምክር ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ

ካንቤራ ውስጥ በ1988 በተመረቀው የአውስትራሊያ ፓርላማ ሕንፃ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ በዚያው ጣሪያ ሥር የራሳቸው ክንፍ አላቸው። በዌሊንግተን «የንብ ቀፎ» በሚባለው ክብ ሕንፃ ደግሞ የኒው ዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ዘጠነኛ ፎቅ፣ ካቢኔው ዐሥረኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ምክር ቤቱም አጠገባቸው ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መሪው ከተመራጮች ፊት አይጠፋም። ጉዳቱ ሚኒስትሮች ከየመሥሪያ ቤታቸው ባለሙያዎች ርቀው መዋላቸው ነው። እኛ ዘንድ ቤተ መንግሥቱና ፓርላማው ሁለቱም አራት ኪሎ ስለሆኑ «አራት ኪሎ» ማለት ራሱ ሥልጣን ማለት ሆኗል። አንድ ጣሪያ ባይኖርም ጉርብትናው አለ፤ ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ግን የምክር ቤቱ አዳራሽ በዚያው ግቢ መሆኑ በቂ ነው።

ከከተማ መውጣት

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ተራራ ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት የሚያካትተው የጫካ ፕሮጀክት ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ፣ መቀመጫን ወደ ዳር ማውጣት በሰፈራችንም የቡና ላይ ወሬ ሆኗል። ለንጽጽር የሚቀርበው ማሌዥያ ነው። ከኩዋላ ሉምፑር በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በተሠራችው ፑትራጃያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በ1999 ገባ፤ ሚኒስቴሮቹም በየተራ ተከተሉ። ፓርላማው፣ የንጉሡ ቤተ መንግሥትና ኤምባሲዎቹ ግን አሮጌው ከተማ ቀሩ። አስፈጻሚው አካል ሰፊ መንገድ፣ ንጹሕ አየርና በቂ ቦታ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ከሕግ አውጪውም ከዲፕሎማቱም ጋር የሚገናኘው በመኪና ነው።

ከከተማ ዳር ሆኜ ስናገር፣ የመውጣት ዋናው ጥያቄ ርቀቱ አይደለም፤ ርቀቱን ማን በምን እንደሚያቋርጠው ነው። ቀላል ባቡሩ አያት ይጀምራል፤ ከአያት ወዲያ ያለው ሰው ወደ መሐል ከተማ ለመድረስ ታክሲና ባቡር ይቀያይራል፤ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር የሚመጣውም በተቃራኒው እንዲሁ። መቀመጫው ወደ ዳር ሲወጣ የመኪና ባለቤቱ ባለሀብት ሃያ ደቂቃ ይጨመርበታል፤ ጡረተኛው ግን ግማሽ ቀን። በዓመቱ መጨረሻ ኃላፊው ዘንድ የሚቀርበው የባለጉዳይ ዓይነት ሳይታወቅ ይለወጣል፤ ኃላፊውም የሚሰማው ሮሮ የተቀየረው ችግሩ ስለተቃለለ ይመስለዋል። በከተማው ዳር ለዳሩ ሕዝብ የሚሠራ ጽሕፈት ቤት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ለመውጣት የሚቀርበው ብርቱ ክርክር ጸጥታ ነው፤ እሱንም በቀላሉ አልጥለውም። በየካቲት 1991 ጆን ሜጀር ካቢኔ ሰብስበው ሳሉ በዳውኒንግ ስትሪት ጓሮ የሞርታር ጥይት ወድቋል። በኦስሎ በሐምሌ 2011 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፈር በፈነዳው ቦምብ ስምንት ሰዎች ሞተዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተረፉት በዕለቱ በመኖሪያቸው ሲሠሩ ስለነበረ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ መራቅ ብቻ ሳይሆን በሁለት ቦታ መሥራት መቻልም መከላከያ መሆኑን ነው። መውጣቱ ከተወሰነ፣ በመሐል ከተማ በሳምንት ሁለት ቀን ኃላፊው ራሱ የሚቀመጥበት ትንሽ ቢሮ ይቀመጥ፤ ተወካይ የሚቀመጥበት ከሆነ ግን ኪራዩን ማውጣት አያስፈልግም።

የቱ ለማን?

ምርጫው ለኃላፊው ድክመት እንጂ ለማዕርጉ አይሁን። ብቻውን ለመወሰን የሚቸኩል ኃላፊ ካላችሁ ትንሽ እልፍኝ አትስጡት፤ ስብሰባ ክፍሉ ከቢሮው ጋር በአንድ በር የሚገናኝበት፣ ምክትሎቹ በዚያው ኮሪደር የሚቀመጡበት ክንፍ ይስማማዋል። ለመወሰን የሚፈራና ሁሉን ሰው የሚሰማ ከሆነ ደግሞ በሩን የሚጠብቅለት ሰው ያለበት ጸጥ ያለ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ክፍት አዳራሽ ያጠፋዋል። ኃላፊው በየሁለት ዓመቱ የሚቀያየርበት መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ የእኛ ዳር መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ግድግዳውን በቀላሉ በሚነሣ ክፍልፋይ ሥሩና ምርጫውን ለሚመጣው ተዉለት።

ሁሉን አመዛዝኜ እኔ የምመርጠው ከምድር በላይ ከሁለት ፎቅ ያላለፈ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ሕንፃ ከአንድ የሥራ ክንፍ ጋር ነው። ባለጉዳዩ ምድር ቤት ጣሪያ ባለው በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ ኃላፊው ወደ ክፍሉ የሚወጣበት ደረጃ በዚያ በረንዳ በኩል ያልፋል እንጂ በኋላ አይዞርም፤ የግል መጸዳጃ ቤት አይሠራለትም። የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ከዐሥራ አምስት እርምጃ አይርቅም። ከላይ የጠቆምኩት ሁለተኛ በር ደግሞ የጓሮ በር ነው። «በጓሮ በር» ሲባል ሙስና ትዝ እንደሚለን አውቃለሁ፤ ይህኛው ግን በመጠበቂያው ክፍል ሳያልፍ ለሚገባ ለራሱ ባለሙያ የሚሠራ ነው፤ ቁልፉ ከፍሳሽ፣ ከእሳት አደጋ፣ ከጤና ቡድን መሪዎች ጋር ይሆናል፤ የገባ ሁሉ በማስታወሻ ያዡ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ያ የቡድን መሪ በሐምሌ ይህ በር ቢኖረው ኖሮ ጉዳዩ የዐሥር ደቂቃ ነበር።

ባለፈው በጋ አንድ ወዳጄ ለእንዲህ ያለ ሥራ አማከረኝ፤ መሬቱ ገና ባዶ ነበር። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ፕላኑን በኖራ፣ በትክክለኛ ልኩ፣ ሣሩ ላይ አስመሩት። ከዚያ ሠራተኞቹን በየክፍላቸው አቆምናቸው፤ ጸሐፊዋን በጸሐፊ ክፍል፣ ተላላኪውን በመዝገብ ቤት፣ ሁለት አዛውንት ጎረቤቶችን ደግሞ በባለጉዳይነት በር ላይ። ጸሐፊዋ ፋይል ይዛ ወደ ኃላፊው እንድትሄድ ሲነገራት ተነሥታ ጥቂት ተራመደችና ቆመች። «ስብሰባውን አቋርጬ ልለፍ?» አለች፤ በኖራው መስመር መሠረት ከእርሷ ክፍል ወደ ኃላፊው የሚወስደው ብቸኛ መንገድ በስብሰባ ክፍሉ መሐል ነበር። አርክቴክቱ ጎንበስ ብሎ በጫማው ጫፍ መስመሩን አጠፋና በሩን ሁለት ሜትር ወደ ግራ አዛወረው።